ሶላር ሲገዛ ከዋቱ በፊት ወሩ ይጠየቅ

የሶላር ዕቃ መደብር የሚገባ ደንበኛ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መጨረሻው ስንት ነው?» ነው። ሦስተኛ ጥያቄ ከተነሳ ስለ ዋስትና ይሆናል። ፓነሉ በየትኛው ወር አብዝቶ እንዲሠራ እንደሚፈለግ ግን ገዢው አይናገርም፣ ሻጩም አይጠይቅም፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ወይም ግንቦት ላይ ማሳው ሲጠማ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ገዢው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፣ ሻጩ «አጠቃቀም አታውቅም» ብሎ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ዕቃው ከቆመበት ዘመም፣ ይልቁንም ካልተጠየቀው ወር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ዘንዘልማን የመሰለ ማሳያ አይገኝም። ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለባት ዘንዘልማ ከገጠሩ ጋር የተያያዘች የከተማ ጠርዝ ናት። በአንድ በኩል በጉድጓድና በወንዝ ውሃ መስኖ የሚያለማ ገበሬ አለ። በሌላ በኩል መብራት ሲጠፋ ፍሪጁና የሒሳብ ማሽኑ እንዳይቆም የሚሻ ባለሱቅ አለ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ፓነል ከአንድ መደብር በአንድ ዋጋ ሊገዙ ይችላሉ። ትርፍና ኪሳራቸው ግን የሚታየው በተለያየ ወር ነው።

<b>ፀሐይ ሁለት ጊዜ አናት ላይ</b>

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ነጥብ 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። የመጀመሪያው ሚያዝያ 12 ቀን ገደማ፣ ሁለተኛው ነሐሴ 17 ቀን ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ የቆመ እንጨት ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሪዎቹ ስምንት ወራት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ትሄዳለች።

ወደ ደቡብ እጅግ የምትርቀው ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ነው። ያን ዕለት በእኩለ ቀን ከአናት 35 ዲግሪ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ወደ ሰሜን እጅግ የምትርቀው ሰኔ 14 ቀን ገደማ ሲሆን ርቀቱ 12 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። የቀኑ ርዝመትም ቢሆን በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የባሕር ዳር እኩለ ቀን በሰዓት ስድስት ላይ አይውልም። የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይዋ ከፍተኛው ቦታ ላይ የምትደርሰው በአማካይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደቡብን በጥላ የሚለካ ገጣሚ ይህን ካላወቀ መነሻው ላይ ይስታል።

<b>የውጭ መመሪያ ሲቀዳ</b>

በርሊን ውስጥ በታኅሣሥ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ የምትታየው 14 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ነው። ቀኑም ከስምንት ሰዓት ያነሰ ርዝመት አለው። ስለዚህ የጀርመን ገጣሚ ፓነሉን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ አቁሞ ይተክለዋል። ልክ ነው። ለእሱ የድርቅ ወር ታኅሣሥ፣ የጥጋብ ወር ሰኔ ነውና።

በጣና ዳርቻ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ሰማዩ የሚጠራው በበጋ፣ የሚደፈነው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የኢጣሊያው ሴሴን ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ለኢትዮጵያ ያዘጋጀው የኃይል ጥናት፣ የአገሪቱ የዓመት አማካይ የፀሐይ ጉልበት በቀን በካሬ ሜትር 5 ነጥብ 26 ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ አስቀምጧል። ከፍተኛው በየካቲትና በመጋቢት 5 ነጥብ 55 ሲሆን፣ ዝቅተኛው በሐምሌ 4 ነጥብ 55 ነው። በአገር አማካይ ሐምሌ ከየካቲት የሚያንሰው በ18 በመቶ ነው ማለት ነው። ክረምቱ በሚከብድበት በሰሜን ምዕራቡ ደጋና ወይና ደጋ፣ ደመናው ለተከታታይ ቀናት ሲጫን፣ ጉድለቱ ከዚህም ይከፋል።

አሁን የ35 ዲግሪውን ዘመም ዘንዘልማ ላይ እንፈትሽ ቢባል ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። በቀጥታ የእኩለ ቀን ጨረር ሲለካ፣ በ35 ዲግሪ የቆመ ፓነል በ12 ዲግሪ ከቆመው በታኅሣሥ አጋማሽ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይበልጣል። በግንቦት አጋማሽ ግን 23 በመቶ ያንሳል፣ በሰኔ ደግሞ 25 በመቶ። ዘጠኝ አትርፎ ሃያ ሦስት የሚከስር ነጋዴ በዚህ ገበያ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ አንዴ ተተክሎ ለማይነካ ፓነል ትክክለኛው ዘመም ከ12 እስከ 15 ዲግሪ፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ የዓመቱ ምርት እምብዛም አይለወጥም። ጨርሶ ለጥ ብሎ እንዲተኛ ማድረግ ግን አይመከርም። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወስደውም፣ ከታችኛው ጠርዝ ላይም ጭቃ ይጋገራል።

<b>ባለመስኖው</b>

የመስኖ ገበሬ ከሶላር ጋር በተፈጥሮ ይስማማል። ውሃ የሚፈልገው ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ፓምፑ ቢያርፍ አይጎዳውም። ባትሪም አያስፈልገውም፣ ውሃውን ቀን ስቦ ገንዳ ውስጥ ማኖር ይችላል።

አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አሥር ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ንጹሕ ጉልበት 0 ነጥብ 027 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ ከሚሰጣቸው ጉልበት 40 በመቶውን ብቻ ወደ ውሃ ቢለውጡ፣ የአንድ ሺህ ዋት ፓነል በጥሩ የበጋ ቀን ከአሥር ሜትር ጥልቀት 50 ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። ሰብል በቀን አምስት ሚሊሜትር ውሃ ይጠጣል ቢባል፣ 50 ሜትር ኩብ በወረቀት ላይ አንድ ሄክታር ያጠጣል። በአፈር ቦይ የሚጠፋው ሲቀነስ ግን ከግማሽ ሄክታር እምብዛም አያልፍም። ጉድጓዱ ሃያ ሜትር ከሆነ ደግሞ ውሃው በግማሽ ይቀንሳል። ገዢ ከመደብሩ ሊወጣ ሲል የጉድጓዱን ጥልቀት የማይጠይቅ ሻጭ ዕቃ ይሸጥ ይሆናል እንጂ ውሃ አይሸጥም።

ዘመሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ35 ዲግሪ የተተከለው ፓነል በግንቦት የሚያጣው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው የተበታተነ ብርሃን ልዩነቱን አጥቦለት፣ ቀኑን ሙሉ ሲደመር 15 በመቶ ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ ከ50 ሜትር ኩብ ሰባት ተኩሉ ቀረ ማለት ነው። ይህም በባለ 200 ሊትር በርሜል ሲለካ በየቀኑ 37 በርሜል ነው። ዝናቡ ሊጥል ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ጉድጓዱም ወደ ታች ሲሸሽ፣ 37 በርሜል ውሃ የሽንኩርት መደብ ያደርቃል ወይም ያተርፋል።

በያጅ ቀዳዳና ካስማ ያለው የብረት ቋሚ ሊሠራለት የሚችል ሰው ዘመሙን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢቀይር ያዋጣዋል። መስቀል ሲያልፍ 25 ዲግሪ ያቆመዋል፤ ፋሲካ አካባቢ ወደ 10 ዲግሪ ይመልሰዋል። በመካከሉ ያለው የታኅሣሥና የጥር ትርፍ ከ12 ዲግሪው በእኩለ ቀን ከአምስት እስከ ሰባት በመቶ ገደማ ነው። ለትልቅ ማሳ ገንዘብ ነው፤ ለሁለት ፓነል ግን የብረቱ ዋጋ ከትርፉ ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

<b>ባለሱቁ</b>

የከተማው ባለሱቅ ሒሳብ ሌላ ነው። ፍሪጁ በሐምሌም ይሠራል፣ አምፖሉም ማታ ይበራል። ለዚህ ደንበኛ ዘመም መቀያየር የሐምሌን ችግር አይፈታም። ሰማዩ ሲደፈን ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱን ትቶ ከመላው ሰማይ ስለሚበተን ፓነሉን ወደ ደቡብ ማዞርም ሆነ ወደ ሰሜን ማዞር ልዩነቱ ጥቂት ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደመና ሥር 400 ዋት የተጻፈበት ፓነል 100 ዋት እንኳ ላይሰጥ ይችላል።

ለባለሱቁ መድኃኒቱ በየካቲት ሳይሆን በሐምሌ ሒሳብ መግዛት ነው። በየካቲት ልክ የተቆረጠ ሶላር ሐምሌ ላይ ይጎድለዋል፣ ባትሪውም ሳይሞላ እየተመጠጠ ውሎ ያድራል። በተለይ የአሲድ ባትሪ በጎደሎ ሲከርም ዕድሜው ያጥራል። በዋስትና ጊዜ የሚመለሰው ዕቃ ላይ ክርክር የሚያስነሳው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

<b>የዶላሩ ነገር</b>

በዓለም ገበያ የፓነል ዋጋ እጅግ ወድቋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ለአንድ ዋት ወደ ሁለት ዶላር ይጠየቅ የነበረው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ከቻይና ፋብሪካ በጅምላ አሥር ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። ቻይና በኅዳር 2017 ለፓነል ላኪዎቿ የምትመልሰውን ግብር ከ13 ወደ 9 በመቶ ዝቅ ማድረጓ ርካሹ ዋጋ ለዘለዓለም እንደማይቆይ ለነጋዴው ያስጠነቀቀ ነበር።

በአገር ውስጥ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ውጭ የረከሰው ዕቃ አገር ሲገባ ርካሽነቱን በከፊል ያጣል። ያም ሆኖ ዛሬ በአንድ ሙሉ ሶላር ወጪ ውስጥ ፓነሉ የሚይዘው ድርሻ አንሷል። ፓምፑ፣ ባትሪው፣ ኢንቨርተሩ፣ ብረቱና የገጣሚው ዋጋ ይከብዳሉ። ከዚህ የሚገኘው የገበያ ትምህርት ግልጽ ነው። ጥቂት በመቶ ለማትረፍ ውድ የሚሽከረከር ቋሚ ከመግዛት አንድ ፓነል መጨመር ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ፓምፕ ያለው ገበሬ ሒሳቡን ዳግም እንዲያሰላ ተገዷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ቢኖረውም መስመር ያልደረሰበት ማሳ ፓምፑን በእሱ አያስነሳም። የጣናን ውሃ የሚጠቀመው 460 ሜጋዋቱ የጣና በለስ ጣቢያም ቢሆን የሚኖረው በሐይቁ መሙላትና መጉደል ነው። ውሃ ሲጎድል ፀሐይ ትሞላለች፤ ፀሐይ ስትደፈን ውሃ ይሞላል። ሁለቱን አጣምሮ የሚያይ ባለሀብት ወቅት አይጥለውም።

<b>በሜትርና በቱንቢ</b>

ዘመም ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ለ12 ዲግሪ በየአንድ ሜትር የፓነል ርዝመት የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 21 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። ለ15 ዲግሪ 26፣ ለ25 ዲግሪ 42 ሳንቲሜትር ነው። ቋሚው በቱንቢና በውሃ ልክ ይረጋገጣል።

የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚተክል ሰው ጣራው ገባ ያለ ዘመም ካለውና ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ ብዙ አይጨነቅ፤ የሚጎድለው ጥቂት በመቶ ነው። ወደ ሰሜን ያዘነበለ ጣራ ግን በታኅሣሥ ይጎዳል። 12 ዲግሪ ወደ ሰሜን የዞረ ፓነል ወደ ደቡብ ከዞረው በእኩለ ቀን ሩብ ያህል ያንሳል።

ሙቀትም ይቆጠራል። የፓነሉ ገላ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው 0 ነጥብ 4 በመቶ ገደማ አቅሙ ይቀንሳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ 55 ዲግሪ የሞቀ ፓነል አሥራ ሁለት በመቶ አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነፋስ ከሥሩ ሊያልፍ ይገባል። የበጋው አቧራ በጠዋት፣ ፓነሉ ሳይግል፣ በንጹሕ ውሃ ይጠረጋል። ከባሕር ዛፍ ወይም ከማንጎ ቅርንጫፍ የሚወርድ ጥላም ትንሽ መስሎ ብዙ ይበላል፤ አንድ ጥግ ሲጋረድ ተከታትለው የታሰሩት ሁሉ ይደክማሉ።

ሻጭም ቢሆን ይህን በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ከደረሰኙ ጋር ቢሰጥ ወጪው የወረቀት ዋጋ ነው። ጥልቀቱ ስንት ነው? ውሃው ለየትኛው ሰብል ነው? ማታ የሚሠራ ዕቃ አለ ወይ? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የተሸጠ ዕቃ በሐምሌ ተመልሶ መደብር ደጃፍ አይቆምም። ሳይጠይቅ የሸጠና ሳይናገር የገዛ ግን፣ አበው እንዳሉት የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና፣ የበጋውን ትርፍ በክረምት ሲለቅም ይከርማል።