ሚስት ሆና ባለመሬት፣ ልጅ ሆና እንግዳ

በሰሜን ሸዋ «ሴት ልጅ የአባቷን መሬት ትወርሳለች ወይ?» ብሎ ለጠየቀ፣ አትወርስም የሚል ሽማግሌ እምብዛም አይገጥመውም። ልጅ ልጅ ነው ይባላል። አባባሉ ለይስሙላም አይደለም። በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን በዘር ቆጠራ ያስመሰከረ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ድርሻዬ ይገባኛል ብሎ ይሟገታል። አሜሪካዊው አለን ሆበን ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ላይ ያጠናውና በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣው የአማራ የርስት ሥርዓትም ይህንኑ ያሳያል። 

በርስቱ ዘመን ሴት ቦታዋ የጸናው በልጅነቷ ነበር። የባሏ ርስት አይደርሳትም፤ ትዳሩ ቢፈርስ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ ወደ ወላጆቿ አገር ትመለሳለች። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲገለጥ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፎ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎ ይታያል። ባል ሚስቱን አባርሮ መሬቱን ብቻውን ለመያዝ የማይመቸው በዚህ ደብተር ምክንያት ነው። ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ያቺው ሴት አባቷ ሲሞት ወደ ትውልድ ቀበሌዋ ብትሄድ የምትገባው እንደ እንግዳ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ማሳው ላይ ነው። ልጅቷ ታገባና ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች። ሞፈርና ቀንበር ደግሞ በልማድ የወንድ እጅ ነው፤ በሬ ጠምዳ የምታርስ ሴት ብትኖርም እንደ ብርቅ ትታያለች። ስለዚህ የእሷም ድርሻ ወንድሟ ዘንድ ይቀራል፤ የእኩል ያርሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ገብሱም ባቄላውም ይደርሳታል። ቀጥሎ ዝናቡ አጠረ ይባላል፣ ከዚያ የማዳበሪያ ዕዳ ይመጣል፣ በመጨረሻም ከአውደ ዓመት ስጦታ በቀር የሚላክ ነገር አይኖርም። አልከለከላትም፤ ብቻ መስጠቱን ተወ። እሷም ወንድሟን ከስሳ የወላጆቿን ለቅሶ ቤት ማፍረስ አትፈልግም። «ስትዳሪ የተሰጠሽ ከብት ድርሻሽ ነበር» የሚለው ክርክር የሚመጣው እምቢ ብላ ከጠየቀች በኋላ ነው።

ሕጉ ለዚች ሴት ምን አለ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 837 ጾታ በወራሽነት ላይ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ ደንግጎ፣ በቁጥር 842 የሟች ልጆች እኩል እንዲካፈሉ አድርጓል። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ያለ ጾታ ልዩነት እንዲሰጥ ቢያዝም፣ መሬት መሸጥንና ማውረስን ከለከለ፤ የሟቹን መሬት የመጠቀም መብት ቅድሚያ ያገኙት የትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ነበሩ። ያገባች ልጅ ከዚያ መስመር ውጭ ቀረች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በመሬትም በውርስም እኩል እንደሆኑ በግልጽ ጻፈ። በ1989 በአማራ ክልል በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ብዙ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት አገኙ፤ እነሱ ግን ያገኙት ከቀበሌው ነው፣ ከአባታቸው አይደለም።

መሰናክሉ የገባው በዝርዝሩ ነው። እስከ 2016 ድረስ የሠራው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456/1997 ገበሬው መሬቱን ለቤተሰቡ አባል እንዲያወርስ ፈቀደ። የቤተሰብ አባል ማነው? የባለይዞታውን ገቢ ተጋርቶ በቋሚነት አብሮት የሚኖር ሰው። እስከ 2009 የሠራው የክልሉ አዋጅ 133/1998 ደግሞ በግብርና የሚተዳደር ወይም መተዳደር የሚፈልግ የሚል ሚዛን አኖረ። ሁለቱም ስለ ሴት ክፉ ቃል አልተናገሩም። ነገር ግን ከቤት የምትወጣው ማን ናት? ማረሻ የማትጨብጠውስ? ወንድን የማይነካ ሚዛን ሴቷን ከደጅ ያስቀራት ነበር። በኔ ዕይታ ይህ ከግልጽ ክልከላ የከፋ ነበር፤ ክልከላ ቢሆን በሕገ መንግሥቱ ይሞገት ነበር።

ህንዶች ተቃራኒውን መንገድ ሄደዋል። በሂንዱ ሕግ የጋራ ቤተሰብ ንብረት ባለድርሻ በመወለዱ ብቻ የሚሆነው ወንዱ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተሻሽሎ ሴት ልጅም በመወለዷ ብቻ ባለድርሻ ሆነች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. በቪኒታ ሻርማ ጉዳይ፣ አባት ሕጉ ሲሻሻል በሕይወት ባይኖርም መብቱ እንደማይቀር ወሰነ። እነሱ በምክር ቤትና በችሎት ያገኙት፣ እዚህ አያቶቻችን በዘር ቆጠራ ያውቁት ነበር።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ መሬቱ ገንዘብ ሆኗል። ከተማው በፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርክ ሲሰፋ የገበሬው ማሳ ይወሰዳል፤ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በቋሚነት የሚነሳ ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ይከፈለዋል። የሚከፈለው ደብተሩ ላይ ላለው ስም ነው። ለዓመታት ዝም ብላ የኖረች እህት አፏን የምትከፍተው በዚህ ጊዜ ነው፤ «ገንዘብ ሲመጣ እህትነት ትዝ አላት» ትባላለች። ገብስ ሲታጨድ ማን እንደረሳት የሚጠይቅ የለም።

ውርሱ የከተማ ቤት ከሆነ ደግሞ ጊዜው ራሱ ጠላት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈ፣ የወራሽነት ክሱ በይርጋ ይታገዳል። የአባትን ሙት ዓመት ጠብቆ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ «ከመኸር በኋላ እንነጋገር» ተብሎ ተስፋ ሲደረግ ሦስት ዓመት ምን ያህል ነው?

ስለዚህ የምታነቡ እህቶች፣ ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ብቻውን መሬቱን አያዛውርም። ማስረጃውን ይዛችሁ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ ስማችሁ ደብተሩ ላይ ይዙር። ወንድማችሁ የእኩል የሚያርስላችሁ ከሆነም ውሉ በጽሑፍ ይሁንና ይመዝገብ። አባቶችም ኑዛዜያችሁን በቁማችሁ፣ በምስክር ፊት አድርጉ፤ በኑዛዜውም የሴት ልጃችሁን ስም ጻፉ።