የዳሽቦርድ ዕቃ ከተለወጠ በኋላ ስለማይጠፋው ቀይ መብራት

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና፣ 25 ኪሎሜትር ያህል በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በእንዲህ ያለ ጠመዝማዛ መንገድ በሾፌሩ ፊት የሚበራው ቀይ መብራት የሰው ሕይወትና የነጋዴ ንብረት የሚጠበቅበት ምልክት ነው። ይሁን እንጂ የዳሽቦርድ ዕቃ ተለውጦ መብራቱ አልጠፋ ሲል፣ አምፖሉን ነቅለው ሥራው እንደ ተፈጸመ የሚቆጥሩ አሉ። ይህም ሌባ መጣ ብሎ የጮኸን ዘበኛ አፉን አፍኖ ተመልሶ እንደ መተኛት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያሉትን ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ያገለገለ ዳሽቦርድ ከውጭ አገር የሚያስመጣም ሆነ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ የዕቃውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ/ የሞተር ዘይት መብራት። በሞተሩ ላይ የዘይት ግፊት ሲያንስ የሚገጥም፣ ግፊቱ ሲበረታ የሚለያይ አነስተኛ ማብሪያ አለ። በአንድ ሽቦ ብቻ በሚሠሩ ነባር መኪናዎች ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ይከፈትና የማብሪያው ሽቦ ይነቀላል። መብራቱ ካልጠፋ፣ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቷል ወይም የዳሽቦርዱ ግንኙነት ተሳስቷል። ከጠፋ ግን ሽቦውና ዳሽቦርዱ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ከማብሪያው ወይም ከዘይቱ ነው። በዚህ ጊዜ የዘይቱ መጠን ይታያል፤ ግፊቱም በመለኪያ ሳይረጋገጥ መኪናው ለመንገድ አይወጣም። መብራት ብቻ ያለው ዳሽቦርድ ባለ ቀስት በሆነ ሲለወጥ፣ በሞተሩ ላይ ያለውም ማብሪያ አብሮ ካልተለወጠ ንባቡ ሐሰት ይሆናል።

2ኛ/ የባትሪ መብራት። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ዲናሞው ኃይል ማመንጨት የሚጀምረው በዚሁ አምፖል አልፎ በሚደርሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ አምፖሉን የነቀለ ሰው ምልክቱን ብቻ ሳይሆን ዲናሞውንም ሊያቆመው ይችላል። ባለ 12 ቮልት መኪና ሞተሩ ሲሠራ በባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ሊታይ ይገባል። ባለ 24 ቮልት ለሆነ የጭነት መኪና ባለ 12 ቮልት አምፖል መሸጥም ወዲያው እንዲቃጠል ማድረግ ነው።

3ኛ/ የፍሬን መብራት። በመጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁና የፍሬን ዘይቱ መሙላቱ ይታያል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሐረጎን መውረድ ግን ከቶ አይገባም።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች ዳሽቦርዱ ራሱ ኮምፒውተር ስለ ሆነ ነገሩ ይለያል። ከሌላ መኪና የመጣው የቀድሞውን መኪና የኪሎሜትር ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በአንዳንዶቹም የቁልፉ መለያ በውስጡ ስለሚቀመጥ ሞተሩ አልነሣም ይላል። የኤርባግ ወይም የኤ.ቢ.ኤስ. መብራት በርቶ ከቀረም ሽቦ እየነካኩ ከመሞከር ይልቅ በመመርመሪያ ኮምፒውተር ማስነበብ ይሻላል።

ስለዚህ አስተዋይ ባለሱቅ ከመሸጡ በፊት አሮጌውን ዕቃ አስመጥቶ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያያል፤ ቮልቱን ይጠይቃል፤ በዳሽቦርዱ ላይ የተመዘገበውንም ኪሎሜትር በደረሰኙ ላይ ይጽፋል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድም፣ ዕቃው ተመልሶ ከሚያመጣው ክርክርና ደንበኛን ከማጣት ያድናል። ገዢውም መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት ስለ ምን እንደ በራ ይጠይቅ።