በወጥመድ የተያዘን አይጥ ሳያሠቃዩ ማስወገድ
ባሕር ዳር፦ የመኸር ምርት ወደ ጎተራ ሲገባ አይጥም ተከትሎ ይገባል። አይጥ እህል ከመብላቱ ባሻገር በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተሰኘውን በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማስወገዱ ግድ ነው። ጥያቄው አገዳደሉ ላይ ነው።

አንዳንዶች በሽቦ ወጥመድ የተያዘን አይጥ ከነወጥመዱ ውኃ ውስጥ ይደፍቁታል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ይህን ርኅራኄ የጎደለው ዘዴ ይለዋል፤ እንስሳው እስኪሞት ታፍኖ ይሠቃያልና።

የደም መርጋትን የሚከለክል መርዝም ፈጣን አይደለም። መርዙን የበላ አይጥ የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው፤ በዚህ መካከል አይጡን የበላች ድመት ወይም ጉጉት አብራ ልትመረዝ ትችላለች። አርሶ አደሩም አይጥ አዳኙን ያጣል።

የተሻለው፣ አንገትን ወይም ጭንቅላትን በቅጽበት የሚመታ ጠንካራ ባለ ስፕሪንግ ወጥመድ ነው። ወጥመዱ ልጆችና ዶሮዎች በማይደርሱበት፣ ግድግዳ ጥግ ይጠመዳል፤ ጠዋትና ማታም ይታያል።

አይጡ በሕይወት ከተያዘ ጓንት አድርጎ ወደ ወፍራም ጆንያ ማዛወር፣ ጥግ አስይዞ ጭንቅላቱን መለየት፣ ከዚያም በከባድ ዱላ አንድ ብርቱ ምት ማሳረፍ ይገባል። የፈራ እጅ ሥቃይን ያራዝማል።

ትንፋሹ መቆሙን፣ ዐይኑም ሲነካ አለመርገብገቡን ሳያረጋግጡ መጣል አይገባም። በድኑ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፤ እጅም በሳሙና ይታጠባል።

ከሁሉ በፊት ግን ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራትና እግሮቹን በቆርቆሮ መከለል፣ የሚገደለውን አይጥ ቁጥር ራሱን ይቀንሳል።