ለመንገደኛ የሚዘረጋ ሰሌን

በየካቲትና በመጋቢት ቆላው ይነድዳል። ከዙህር ሰላት በኋላ በአብደራፊ ጎዳና የሚታየው ሰው ጥቂት ነው፤ ሱቁ ገርበብ ይላል፤ ፍየሉም ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ሥር ይጠጋል። ፀሐይ በሱዳን በኩል ስታዘቀዝቅ ግን ከተማዋ ትነቃለች። ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ እናቶች ሾርባውንና ሳምቡሳውን ያሰናዳሉ፤ እኛም ከመስጊዱ ደጅ ሰሌን እንዘረጋለን። የመግሪብ አዛን ሲሰማ በቴምርና በውኃ እናፈጥራለን። ሰሌኑ ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የከተማችን ልጆች አይደሉም።

የአብደራፊ ስም ዐረብኛ ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። «አር-ራፊዕ» ማለት ከፍ የሚያደርገው ማለት ነው፤ ከአላህ መልካም ስሞች አንዱ ነው። «ዐብዱ ራፊዕ» ሲባል የእርሱ ባሪያ ማለት ይሆናል። ወንዛችን አንገረብም ከጎንደር ሰሜን ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርድና ሱዳን ሲገባ «ባሕር አስ-ሰላም» ይባላል፤ የሰላም ወንዝ ማለት ነው።

ሜዳችን ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ይጣበቃል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። የሚያበቅለው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ከጫፉ ይከፈታል፤ ሳይታጨድ ከዘገየ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው ቀን አይሰጥም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ይህን እጅ የሚያመጡልን ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ያርማሉ፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያጭዳሉ፤ ከዚያም አብዛኞቹ ይመለሳሉ።

የጨረቃ ወር በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚል ረመዳን በሁሉም ወቅት ይጎበኘናል። በ2003 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ፣ በአረም ወቅት ነበር የዋለው። ያኔ ጀርባው ጎንብሶ የሚውለው ሠራተኛ «ኢማም፣ ልጹም ወይስ ላፍጥር?» እያለ ይጠይቀን ነበር። መልሱ ዛሬም ያው ነው። መንገደኛና በሽተኛ አፍጥረው በሌላ ቀን እንዲተኩ አላህ ፈቅዷል። ከባድ ሥራ የያዘው ደግሞ ነይቶ ያድራል፤ ቀን ላይ ለነፍሱ የሚያሰጋው ነገር ከገጠመው ያፈጥራል፤ በኋላም ይተካል።

መንገደኛን ማስተናገድ ለዚህ ቆላ አዲስ ነገር አይደለም። ከእኛ በስተደቡብ ያለችው መተማ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁባት፣ ከጦር ሜዳነቷ በፊት የገበያና የመንገደኛ ከተማ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ለሐጅ ወጥተው በመንገድ የቀሩ ተክሩሮች በዚያ ሰፍረው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በራሳቸው ሸኾች ይተዳደሩ ነበር። ቡና፣ ሰምና ጥጥ በገበያቸው ያልፍ ነበር። በቅርቡም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በረመዳን 24ኛው ቀን፣ በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ጿሚዎች ልጆቻቸውን ይዘው በመተማ በኩል ገብተዋል።

ከተራዊሕ በኋላ ያለው ጊዜ የከተማችን መዝናኛ ነው። ጀበና ይጣዳል፤ ዝንጅብል የገባበት ቡናና የወተት ሻይ ይቀርባል። ሽማግሌዎች የድሮውን ያወጋሉ፤ ወጣቶች ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ሙቀቱ ቤት ስለማያስተኛ የጠፍር አልጋ ግቢ ውስጥ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትደበቃለች፤ የምትናከሰውም በምሽትና በሌሊት ነው። በሽታው ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ያመጣል፤ ሰውነት ያከሳል፤ ጣፊያ ያሳብጣል፤ ካልታከሙት ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው አጎበር ሳይኖረው ዛፍ ሥር የሚያድረውን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ እራት ስንሰጥ ማደሪያና አጎበርም እናስብለት፤ ትኩሳቱ የቆየበትን «ወባ ነው፣ ይለቅሃል» ሳንል ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው።

ራሳችንን የምንወቅስበት ነገርም አለ። ብዙዎቻችን ዘካችንን ለረመዳን እናቆያለን። የእህል ዘካ ግን የሚወጣው በአዝመራው ወቅት ነው፤ በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ እጅ ነው፤ ኒሳብ ከሞላ ማለት ነው። ማሽላ ላይ አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ፤ በሰሊጥ ላይ ቢለያዩም አብዛኞቹ ይወጣበታል ይላሉ። ኅዳር ላይ የሚገባውን ሐቅ እስከ ረመዳን ስናቆየው፣ ያጨደልን ድሃ ሄዷል። ደመወዝም እንዲሁ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው አዘዋል። ዛሬ ሰሌናችን ላይ ከሚያፈጥሩት መካከል ዋጋው ተይዞበት መሳፈሪያ አጥቶ የቀረ አለ። ለእርሱ የምናቀርበው ሾርባ ሰደቃ ነው ብንል፣ ዕዳው በትከሻችን እንዳለ ነው።

እናንተ በየከተማው ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ሰሊጡን በዳቦ ላይ ነስንሳችሁ ወይም ዘይቱን ምግብ ላይ አፍስሳችሁ ስታፈጥሩ፣ ያጨደውን ልጅ በዱዓ አስታውሱት። በሰፈራችሁም የቀን ሠራተኛ፣ ዘበኛ፣ ከአገሩ የራቀ ሰው አይጠፋም። ከዒድ በፊት ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይክፈል፤ ዘካተል ፊጥሩንም ከሰላቱ በፊት ያድርስ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ መንገደኛውንም በሰላም ለቤቱ ያብቃው። አሚን።