ስለ ፍየል አወላለድና እናት ግልገሏን ስለምትለይበት ሰዓት

ፍየል የድኻ ላም ናት። የአንዲት ግልገል ሞት ለባለጠጋ ጥቂት መስሎ ቢታይም፥ ለድኻ ቤት ትልቅ ጉዳት መሆኑን አገር አስተዳዳሪ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ፍየል ከምታረግዝበት እስከምትወልድበት 150 ቀን ያህል ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር አምስት ወር ይሆናል። እንግዲህ በጥር ወጠጤ ያገኛት ፍየል በሰኔ፥ በየካቲት ያገኛት በሐምሌ ትወልዳለች። በወለጋ ይህ ጊዜ ዝናሙ የሚበረታበት ስለ ሆነ፥ በነቀምቴ በቡርቃ ጃቶም ሆነ በገጠሩ ያለ ባለፍየል በእነዚህ ወራት ወጠጤውን ለይቶ ቢያስር ግልገሎቹን ከብርድ ያድናል።

የመውለጃዋ ሰዓት ሲደርስ ፍየል ጡቷ ይወጠራል፤ ከመንጋው ተለይታ ጥግ ትፈልጋለች፤ መሬቱንም በእግሯ ትጭራለች። በደኅና አወላለድ አስቀድመው የሚታዩት ሁለቱ የፊት እግሮችና አፍንጫ ናቸው። ግልገሉን በችኰላ መጐተት አይገባም፤ ምጡ ቢበረታና ልጁ ባይወጣ ግን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ግልገሉ እንደ ወደቀ እናቲቱ ትልሰዋለች። ይህም ለማድረቅ ብቻ አይደለም፤ ሽታውን የምታውቀው በዚያን ጊዜ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ ከልጇ ጋራ አምስት ደቂቃ ብቻ የቈየች ፍየል በኋላ ቢለዩአት እንኳ ትቀበለዋለች፤ ወዲያው የተወሰደባት ግን ብዙውን ጊዜ በቀንዷ ትገፋዋለች። መንታ ስትወልድ ሁለቱም መላሳቸውን እረኛው ይመልከት።

እንገሩንም ማፍሰስ ታላቅ ጥፋት ነው። ግልገል በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል በማሕፀን ሳለ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ይህን ኃይል የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ፤ እትብቱም አዮዲን ይቀባ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍየል ልጇን በቍጥቋጦ ሸሽጋ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ይህ ጠባይዋ ነው እንጂ መጣሏ አይደለም። ግልገሉን የተጣለ መስሎት የሚያነሣ ሰው እናትና ልጅን ይለያል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹም መውለጃዋ የተቃረበ ፍየል ወደ ሩቅ ገበያ እንዳትነዳ፥ አራስ ፍየልና ግልገሏም እንዳይለያዩ ሕዝቡን ሊመክር ይገባዋል። ይህ ምክር ገንዘብ አያስወጣም፤ ትጋት ብቻ ይበቃዋል።