ዳታ ቤዝ በኪራይ፤ ርካሹ ንባብ ሲያስከፍል

ንግዱ የሰፋ ድርጅት መዝገቡ ከአንድ ኮምፒዩተር አቅም በላይ ይሆንበታል። በብዙ ማሽኖች ላይ የተሰራጨ ዳታ ቤዝ ገዝቶ ማስተዳደር ደግሞ ባለሙያና ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል። አገልግሎቱን በኢንተርኔት የማከራየት ንግድ የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ተከራዩ ማሽኖቹን አያያቸውም። በተሰጠው የኢንተርኔት አድራሻ «ጻፍ» ወይም «አንብብ» የሚል ትዕዛዝ ይልካል፤ መልሱን ይቀበላል፤ ሂሳቡን በየወሩ ይከፍላል።

የአሜሪካው አማዞን ኩባንያ ዳይናሞ የተባለውን የውስጥ ዳታ ቤዙን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ አድርጓል። ዋናው ዓላማ የሸማቹ ዘንቢል ምንጊዜም ዕቃ እንዲቀበል ነበር። በዚህ አሠራር የተሰረዘ ዕቃ ተመልሶ ዘንቢሉ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ኩባንያው ግን ሽያጭ ከማጣት ይህን መርጧል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዳይናሞ ዲቢ የተባለውን አገልግሎት ለውጭ ደንበኞች በኪራይ አቀረበ።

ኪራዩ እንደ መጋዘን በቦታ ስፋት ብቻ አይተመንም። እያንዳንዱ ንባብና ጽሑፍም ይቆጠራል። አንድ የጽሑፍ መለኪያ እስከ 1 ኪሎባይት፣ አንድ የንባብ መለኪያ እስከ 4 ኪሎባይት ይሸፍናል። መረጃው በተለያዩ ማዕከላት በበርካታ ቅጂ ስለሚቀመጥ ንባቡ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ገና ያልታደሰ ቅጂ ሊያሳይ ይችላል። የመጨረሻውን ጽሑፍ በእርግጠኝነት የሚያሳየው ዋጋው እጥፍ ነው።

ለዜና ወይም ለዕቃ ዝርዝር ርካሹ ይበቃል። የቀረውን አንድ ዕቃ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን አደገኛ ነው፤ ሁለት ደላሎች እኩል «አለ» የሚል መልስ አግኝተው አንዱን ዕቃ ለሁለት ገዢ ሊሸጡት ይችላሉ። ውዱ ንባብም ብቻውን አያድንም፤ በንባቡና በሽያጩ መካከል ሌላው ሊቀድም ይችላልና። መፍትሔው «እስካሁን ካልተሸጠ ብቻ መዝግብ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ትዕዛዝ ነው። አገልግሎቱ ይህን ይፈቅዳል፤ መጠቀም ግን የተከራዩ ፋንታ ነው።

ሌላው ስጋት አድራሻው ራሱ ነው። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የዳይናሞ ዲቢ አድራሻ በአውቶማቲክ አሠራር ስህተት ባዶ ሆነና አገልግሎቱ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ተቋረጠ። ማሽኖቹ አልተቃጠሉም፤ ደንበኞቹ ግን መንገዱን አጡት። የተከተለው መስተጓጎል በርካታ ድርጅቶችን ቀኑን ሙሉ አጉላላ። በሌላ ክልል ቅጂ ያስቀመጡ ተከራዮች ወደዚያ የመዞር ዕድል ነበራቸው።

ቅጂው ተጨማሪ ኪራይ ያስከፍላል። ስለሆነም ተከራይ ከመፈረሙ በፊት የወር ሂሳቡን ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን ሱቅ ቢዘጋ የሚያጣውንም አብሮ ማስላት ይኖርበታል።