የሚያበራው ህዋስ ማነው? አንቲቦዲና የዜብራ ዓሣ አንጀት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ህዋስ ሲያበራ ባየን ጊዜ፣ የዚያን ህዋስ ስም በእርግጠኝነት ለመጥራት የሚያስችለን ምንድን ነው?

ዜብራ ዓሣ ከጣት የማይረዝም፣ ጎኑ ባለ መስመር ዓሣ ነው። እጩ ብርሃን አስተላላፊ በመሆኑ ለተመራማሪዎች ተመራጭ ሆኗል፤ አንጀቱም እንቁላሉ ከዳበረ በአምስተኛው ቀን ገደማ ሥራ ይጀምራል። በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ምግብ ከሚመጡት በርካታ ህዋሳት መካከል ሁለት ዓይነት አመንጪ ህዋሳት ተበታትነው ይገኛሉ፤ ዝልግልግ ፈሳሽ የሚያመነጩት ጎብሌት ህዋሳትና ሆርሞን የሚያመነጩት ኢንትሮኢንዶክራይን ህዋሳት ናቸው።

እነዚህን ለመለየት ተመራማሪዎች 2ኤፍ11 የተሰኘውን፣ ከአይጥ የተገኘ አንቲቦዲ ይጠቀማሉ። አንቲቦዲው ከዒላማው ጋር ይጣበቃል፤ ቀጥሎ የአይጥን አንቲቦዲ የሚይዝና አብሪ ቀለም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት በዚህ ዘዴ አንድ ጠቃሚ ነገር ታውቋል፤ ኖች የሚባለው የህዋሳት መልእክት መንገድ ሲበላሽ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአንጀት ግድግዳ ህዋሳት አመንጪ ይሆናሉ።

ልብ በሉ፤ በዚያ ጊዜ 2ኤፍ11 የሚይዘው ፕሮቲን ማንነት ገና አልታወቀም ነበር። አኔክሲን ኤ4 መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አንቲቦዲው ሁለቱንም አመንጪ ህዋሳት ስለሚያበራ የትኛው የትኛው እንደሆነ ብቻውን አይነግረንም፤ በሐሞት ቱቦ ህዋሳት ላይም ያበራል። ስለዚህ ለጎብሌት ዝልግልጉን ሰማያዊ የሚያደርገው አልሲያን ብሉ፣ ለሆርሞን አመንጪዎቹ ደግሞ እንደ ግሉካጎን ያሉትን ሆርሞኖች የሚይዙ አንቲቦዲዎች ያስፈልጋሉ። ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻውን የተጨመረበት ናሙናም ጎን ለጎን መታየት አለበት፤ ይህ ናሙና ካበራ ብርሃኑ ከዒላማው የመጣ ነው ማለት አንችልም።

ይህ ጥንቃቄ ከዓሣ ቤተ ሙከራ አልፎ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮም ይሠራል። በዘነበወርቅ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የሥጋ ደዌን ለማጥናት ነው። በዚህ በሽታ የደም ምርመራ የምንፈልገው፣ ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። ይሁንና አንቲቦዲው ከባክቴሪያው ጋር ተገናኝቶ ባልታመመ ሰው ደም ውስጥም ሊገኝ ይችላል፤ በአንጻሩ ጥቂት ባክቴሪያ ባላቸው ሕሙማን ዘንድ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የሐኪሙ ምርመራ በአንድ የደም ውጤት አይተካም። ስሙ ብቻ ሰውን ከጎረቤቱ ሲያርቅ በኖረ በሽታ፣ በችኮላ የተሰጠ ስም የሚያስከትለውን ጉዳት ይህ አካባቢ ያውቀዋል።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ አንቲቦዲ የሚያመለክተው አንድ ሞለኪዩል መኖሩን ነው፤ የህዋሱን ወይም የበሽታውን ስም የምንሰጠው ግን እኛ ነን። ስም ከመስጠታችሁ በፊት በሁለተኛ መንገድ አረጋግጡ።